ደሳለች ያወጣችው የታንኳ ሕግ

ደሳለች አምስተኛ ክፍልን አልጨረሰችም። ፋርጣ ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር የሁለት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ መንደር እየተመላለሰች ስትማር እናቷ በወሊድ ሞተችና የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ የሳምንት ጨቅላ ታቅፋ ቀረች። አስተማሪዋ «ፈተናውን እንኳ ትፈተን» ብሎ ልኮባት ነበር። የፈተናው ቀን ሕፃኑን ሲያተኩሰው ስላደረ ሳትሄድ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ያወቀችው ሁሉ ከሰው አፍና ከሬዲዮ የለቀመችው ነው።

ሕፃኑ ማሩ ተባለ። ከጎረቤት ወተት እየለመነች አሳደገችው። ለባል ስትሰጥም «እኔን የሚወስድ ከነልጁ ነው» ብላ ሽማግሌዎቹን አስቸገረች። የተገኘው ባል የጣና ዳር ሰው ነበርና ከነልጁ ይዟት ከደጋው ወረደ። ከሐሙሲት በእግር አራት ሰዓት የምታስኬድ፣ ደንገል በር የምትባል ቀበሌ አስገባት። አራት ዓመት አብረው ኖሩ፤ በአምስተኛው ወባ ገደለው። ወደ ደጋ ልመለስ ብትል የሚጠብቃት ቤት አልነበረም። ባሏ ትቶላት በሄደው የልብስ ስፌት መኪና የገበያ ቀን ሐሙሲት እየወጣች ቀሚስና ሱሪ ትሰፋ ጀመር። ማሩ ደግሞ አድጎ ታንኳ መቅዘፍና ዓሣ ማጥመድ ለመደ። በደጋ ተወልዶ እንደ ሐይቅ ልጅ ዋና ቻለ።

አብዮቱ ሲመጣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ተፈለገ። ደሳለች የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ተደረገች። ወድዳም ጠልታም አይደለም፤ «አንቺ ነሽ» አሏት፣ ሆነች። በመሠረተ ትምህርትም ጊዜ ሌሎችን ፊደል አስቆጥራለች። ከጎጆዋ ጎን የምትኖረው ባልቴት ብዙነሽ አንዷ ተማሪዋ ነበረች። ብዙነሽ «ሀ» ላይ ተቀምጣ «ለ» ሳትደርስ ዓመቱ አለቀ። «ለኔ ልጄ ያነብልኛል» ትል ነበር። ልጇ በላይነህ አንድ ነው፤ ከማሩ በሁለት ዓመት ያንሳል።

በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። በ1976 ከደንገል በር ለመጀመሪያው ዙር አራት ልጆች ተወሰዱ። ከአራቱ የአንዱ ደብዳቤ መጣ፣ የሦስቱ አልመጣም። ማሩ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ደሳለች ከዚያ ወዲያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሞላ ወረቀት ይዘው በደጇ ባለፉ ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋት ጀመር። ሌላ የምትፈራው ነገር አልነበራትም። ቤቱ ቢቃጠል፣ መኪናው ቢሰበር ችላ ትኖር ነበር።

ነሐሴ ላይ አቶ ሞላ ከስብሰባ ተመልሰው ሰውን ጠሩ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም ሁለት ይከበራል፣ በየቦታው ስፖርት ይደረጋል ተባለ። ደጋዎቹ በፈረስ ሊወጡ ነው። «እኛ ደግሞ ታንኳ» አሉ አቶ ሞላ። «የሚያሸንፉት ስማቸው በስፖርተኛነት ይመዘገባል። ባሕር ዳር ወስደው ያወዳድሯቸዋል። ስፖርተኛ ደግሞ አይዘምትም አሉ።»

«አሉ» ያሉትን ነገር በወረቀት ያየ ሰው የለም። ግን ወጣት ያለው ቤት ሁሉ ያቺን ቃል ይዞ ገባ።

በማግስቱ በማኅበሩ ቤት ደጃፍ ክርክር ሆነ። ሙላቴ የሚባለው፣ አራት ጎረምሳ ልጆችና በቀበሌው ትልቁን ታንኳ የያዘው ገበሬ፣ ክርክሩ ምን እንደሆነ አልገባውም።

«ሁሉም ከዳር ይሰለፍ፤ የቀደመ ይቅደም። ሕግ ምን ያደርጋል?» አለ።

«አንተማ ምን ቸገረህ» አሉት አያ ወርቁ። አያ ወርቁ ለመንደሩ ሁሉ ታንኳ የሚያስሩ ሽማግሌ ናቸው። «አራት ልጅ፣ አራት መቅዘፊያ። ላም ብትጭንበትም ይቀድማል።»

«ልጅ መውለድ ተከለከለ እንዴ?»

«ማኅበሩ ገና አላሰበበትም። አታስታውሰው።»

ሰው ሳቀ። ሙላቴም ሳቀ። ደሳለች ግን አልሳቀችም። የማሩ ታንኳ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ስትቀዘፍ ጎኗን የምታዘነብል ትንሽ ነገር ነበረች። ከሙላቴ ታንኳ ጋር ከተሰለፈች ገና ከዳሩ የደንገል ቄጠማ ሳትወጣ ነገሩ ያልቃል።

አቶ ሞላ ዞር ብለው አዩዋት። «ደሳለች፣ አንቺ ሜትርም አለሽ፣ ጽሕፈትሽም ይነበባል። ሕጉን አውጪው። ማንም ‹ተበደልኩ› እንዳይል አድርጊ።»

ሦስት ቀን ከአያ ወርቁ ጋር ሐይቅ ዳር ዋለች። ታንኳን ፈጣን የሚያደርገው ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው እንደዚህ ተጠይቀው አያውቁም ነበርና ደስ ብሏቸው ነገሯት። አንዱ ርዝመቱ ነው። ረጅም ታንኳ ውሃውን ይሰነጥቃል፤ አጭሩ ይገፋዋል። ግን ከርዝመቱ ይልቅ ተንኮሉ ያለው ድርቀቱ ላይ ነው አሏት። ደንገል ታጭዶ በፀሐይ ሲደርቅ እንደ ላባ ይቀላል። ውሃ ላይ ሲሰነብት እየጠጣ እየጠጣ ይከብዳል፤ ድሃ ደግሞ በየወሩ አዲስ ታንኳ አያስርም። ሌላም አለ። አንዳንዱ ከሥሩ የማዳበሪያ ላስቲክ ያለብሰዋል። ላስቲክ የለበሰ ታንኳ ውሃ አይጠጣም፣ ያንሸራትታልም።

«እንዲህ ከሆነ» አለች ደሳለች፣ «ሁሉም ታንኳ ከውድድሩ በፊት ሦስት ቀን ውሃ ላይ ታስሮ ይክረም። አዲሱም አሮጌውም እኩል ይጠጣ። ላስቲክ ይቅር።»

«ቀዛፊዎቹንም ሦስት ቀን ብታስሪያቸው ጥሩ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ያን ጊዜ ነው እኩል የሚሆኑት።»

መለኪያው ላይ ሙላቴ መጥቶ ተሟገተ። በክንድ ይለካ አለ። ታንኳ ከአባቶቻችን ጀምሮ በክንድ ነው የሚታሰረው፣ ሜትር የልብስ ሰፊ ነገር ነው፣ ክንድ እግዜር የሰጠው ነው አለ።

«የማን ክንድ?» አለችው።

«የማንም።»

«ያንተ ትልቁ ልጅ ክንድ ጉልበቱ ላይ ይደርሳል። ሐሙሲት ገበያ አቡጀዲ ሲገዛ ረጅም ዘመዱን እየጎተተ የሚመጣውን ሰው ስንቱን አይቻለሁ መሰለህ። ሻጩ ደግሞ አጭር አጎቱን ያስቀምጣል።»

ሙላቴ ራሱን እያሻሸ ሄደ። በሜትር ሆነ። ከአራት ሜትር በላይ የሆኑት ለብቻ፣ ከሦስት እስከ አራት ያሉት ለብቻ፣ ከሦስት በታች ሆነው አንድ ሰው የሚቀዝፋቸው ለብቻ። መቅዘፊያውም ከቀዛፊው ቁመት እንዳይበልጥ ተደረገ። ደሳለች ይህን ስትጽፍ ልቧ አላረፈም። ሦስተኛው ክፍል የማሩ እንደሆነ ታውቃለች። ማሩ ደግሞ ብቻውን ሲቀዝፍ የሚስተካከለው የለም።

«አያ ወርቁ፣ ለወንድሜ ብዬ ይሆን እንዴ ያደረግሁት?»

«ለወንድምሽም ለሌላውም ነው። ዝናብ ለአንድ ማሳ አይዘንብም» አሏት። «ይኸ ባይሆን ድሃው ዳር ቆሞ ሊያጨበጭብ ነበር።»

የቀረው ስም ማውጣት ነው። እነዚህ ሦስት ወገኖች ምን ይባሉ? ደሳለች እርሳሷን ነክሳ አሰበች። ሬዲዮው ከማለዳ እስከ ማታ የሚላት ቃል ነበረች፤ ሰዎች በየዓይነታቸው የሚከፈሉባት፣ በስብሰባ ሁሉ የምትነሣ። ከዚያች የተሻለ የተማረ ቃል አላወቀችም። አንደኛ መደብ፣ ሁለተኛ መደብ፣ ሦስተኛ መደብ ብላ ጻፈች።

አያ ወርቁ ስታነብላቸው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «መደብ እኔ የማውቀው የምተኛበትን ነው።»

«ይኸ የታንኳ መደብ ነው።»

«ታንኳም መተኛት ጀመረች?»

መስከረም ሁለት ቀን ሐይቁ ሞልቶ፣ ማዕበል ሳይኖረው ዋለ። ከደብረ ታቦር ጓድ ካሳሁን የሚባል ካድሬ መጣ። የሐይቅ አገር ሰው አልነበረም፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ደሳለች ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ለካች። ከሥሩ ላስቲክ የተገኘበት አንድ ታንኳ ወጣ፤ የአቶ ሞላ የወንድም ልጅ ታንኳ ነበርና ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው አየ። አቶ ሞላም አልተከላከሉለትም። ሕጉ ሕግ ሆነ።

በአንደኛው መደብ የሙላቴ ልጆች ቀደሙ። በሦስተኛው አሥራ ሁለት ታንኳ ተሰለፈ። ማሩ ከመሐል ጀመረ። ምልክት የተደረገበት ቋጥኝ ጋ ሲዞሩ ብዙዎቹ እርስ በርስ ተጋጩና ተሰዳደቡ። እሱ ሰፋ አድርጎ ዞረ፣ ከዚያ በኋላ ዘወር ብሎም አላየ። አንደኛ ወጣ። የብዙነሽ ልጅ በላይነህ በግጭቱ መቅዘፊያው አምልጦት ሰባተኛ ሆነ። ብዙነሽ ከዳር ሆና «ልጄ ሰባተኛ ነው፤ ሰባት የሥላሴ ቍጥር ነው» እያለች ሰውን አሳቀች።

ጓድ ካሳሁን መዝገቡን ጠየቀ። ደሳለች በመስመር አሥምራ አዘጋጅታው ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ መደብ፣ የወጣበት ተራ። ካድሬው ገልጦ ገልጦ አየና ፊቱ በራ።

«ጓድ ደሳለች፣ በየገበሬ ማኅበሩ ዞሬአለሁ፤ ሰውን በመደብ ለይቶ መዝግቦ የጠበቀኝ ካንቺ በቀር የለም።»

ሲያመሰግናት አፈረች፤ መዝገቡንም ይዞ ሄደ። ያን ቀን ማታ ማሩ «እታለም፣ በጓድ አፍ ተመሰገንሽ፤ ከእንግዲህ ሽሮ ልትሠሪልን ነው ወይስ መግለጫ?» ብሎ ቀለደባት። እሷም ስንት ዓመት ሳትስቅ የኖረችውን ሳቀች።

ኅዳር ገባ። ስፖርተኞቹን ወደ ባሕር ዳር የሚወስድ መኪና አልመጣም። አቶ ሞላ ግን አንድ ቀን ወረቀት ይዘው ሰውን ሰበሰቡ። የሁለተኛው ዙር ነው። ከደንገል በር ስድስት ሰው። ወረቀቱ «የጭቁኑ መደብ ልጆች እናት አገርን በማገልገል ቀዳሚውን ክብር ያገኛሉ» ይልና ከሥሩ ስም ይዘረዝራል። አቶ ሞላ አነበቡ።

«ሦስተኛ መደብ። ተራ ቍጥር አንድ፣ ማሩ።»

ከዚያ ሁለተኛ የወጣው። ከዚያ ሦስተኛው። ታንኳቸው ቋጥኙን እንደዞረ፣ በዚያው ተራ፣ እስከ ስድስተኛው።

ሁለተኛው መደብ «መካከለኛ ገበሬ» ተብሎ ለጊዜው ታልፏል። ከዚያ ወደ አንደኛው መደብ ዞሩ። እነሱ «ሀብታም ገበሬ» ተብለው በየቤታቸው ሁለት ሁለት ኩንታል እህል እንዲያዋጡ ታዝዟል። ሙላቴ ቆሞ ቀረ። «ትልቅ ታንኳ ስላለኝ ሀብታም ሆኛለሁ» አለ። «ሚስቴ ትስማ። ሃያ ዓመት ስትጠይቀኝ ነበር።» ማንም አልሳቀለትም። እሱ ራሱ ሲናገር ዓይኑ የሚያየው አራቱን ልጆቹን ነበር።

ደሳለች የገባት ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያ ሌላ መዝገብ መሰላት። ከዚያ ዕድሜዎቹን ሰማች፤ መዝገቡ ላይ በራሷ እጅ የጻፈቻቸው ናቸው። ሰው ሲበተን ተከትላቸው ሄደች።

«አቶ ሞላ፣ ይኸ እኮ የታንኳው ነው። መደብ ያልኩት የታንኳውን ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ሞላ። «እኔም እዚያው ነበርኩ።»

«ታዲያ አይነግሯቸውም?»

«ለማን ልንገር? ስም ዝርዝር አምጣ ተብዬ ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ የምቸገረው። ይኸው ተሠርቶ መጣ። የሚሄዱት ሰኞ ነው። መሄድ ካሻሽ ደብረ ታቦር ሂጂ፤ እኔ አልከለክልሽም።»

ያን ቀን ሐሙስ ነበር። በዚያው ወደ ሐሙሲት ወጣች። በማግስቱ ጭነት መኪና አግኝታ ወረታ ደረሰች፣ ከወረታ በሌላ መኪና አለም በርን አልፋ ወደ ደጋው ተሳበች። በየመንገዱ ዳር ከእብናት በኩል የመጣ ሰው ተቀምጧል፤ ሽማግሌ፣ ሴት፣ ሕፃን። ዝናብ ከቀረባቸው ሁለት ዓመት ነው ይባላል። ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ እንኳ ዘወር አይሉም። ደሳለች እነሱን እያየች «እኔ ስለ አንድ ቃል ነው የምሄደው» ብላ አሰበችና ሐሳቡ ራሱ አሳፈራት።

ደብረ ታቦርን ካየች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ብርዱ እንደ ጥንቱ ነው። ጓድ ካሳሁንን ጠየቀች፤ ለሥራ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ተባለች። ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትላክ ውላ፣ አሥር ሰዓት ግድም አቶ ደምሴ ከሚባሉ ሽበታም የመዝገብ ሰው ዘንድ ደረሰች። ጉሮሯቸውን የሚያሳክካቸው፣ በጋቢ ላይ ኮት የደረቡ ሰው ናቸው። አስቀመጧት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሟት፣ ስለ ላስቲኩም ስለ ውሃ መጠጣቱም። ከዚያ መዝገቡን ከመደርደሪያ አውጥተው አነበቡት።

«መልካም ሕግ ነው» አሉ። «ግን ‹ምድብ› ነበር ማለት የነበረብሽ።»

«ምን?»

ቁራጭ ወረቀት ወስደው ሁለቱንም ጻፉላት። መደብ። ምድብ። «ለውድድር ምድብ ነው የሚባለው። መደብ ሌላ ነገር ነው።»

ደሳለች ወረቀቱን አፍጥጣ አየችው። ፊደሎቹ ያው ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል ላይ እግር፣ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ቅጥል።

«አምስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት» አለች፣ ሳይጠይቋት።

«ካድሬው ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» አሉ አቶ ደምሴ። «እሱም አልለየውም።»

«እንግዲያው ይታረምልኛ።»

«ቃሉን አርምልሻለሁ። ‹መደብ የሚለው ምድብ ተብሎ ይነበብ› ብዬ ጽፌ ማኅተም እመታበታለሁ። ስሞቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ከዚያ ቀበሌ ስድስት ሰው ተብሏል፣ ስድስት ሰው ይሄዳል። በታንኳ ተለዩ፣ በዕጣ ተለዩ፣ እዚህ ያለው ሰው ይኸን አይጠይቅም።»

ደሳለች አላለቀሰችም፣ አልተነሣችምም። ተቀምጣ ቀረች። አቶ ደምሴ ሳሉ፤ ተነሥተው በሩን ገፋ አደረጉት። ሲመለሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሷን ሳይሆን መዝገቡን እያዩ ተናገሩ።

«ውጤቱን የቆጠርሽው አንቺ ነሽ። የገለበጥሽውም አንቺ ነሽ። ስትገለብጪ አንደኛና ሰባተኛ ተዛውሮብሽ ከሆነ፣ ተሳስቻለሁ ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽ ፈርሚ። ያን እቀበላለሁ። ሰባተኛው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። አትንገሪኝም።»

ብዕር ገፉላት።

ሰባተኛው በላይነህ እንደሆነ ታውቃለች። ባሏ የሞተ ዕለት ለለቅሶው ሰው ንፍሮ የቀቀለችው ብዙነሽ ናት። ጣሪያዋ ሲያፈስ ሣር ተሸክሞ የወጣው በላይነህ ነው። ይህን ሁሉ ዘንግታው አልነበረም። አላመነታችምም። ኋላ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ያስጨነቃት ይኸው ነው፤ ብታመነታ ኖሮ መጽናኛ ይሆናት ነበር። «በመገልበጥ ስሕተት አንደኛ የተባለው ማሩ ሰባተኛ፣ ሰባተኛ የተባለው በላይነህ አንደኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብላ በዚያው በሚነበበው ጽሕፈቷ ጻፈች፤ ፈረመች። አቶ ደምሴ ማኅተሙን በአፋቸው እፍ ብለው መቱት። «እግዜር ይሁንሽ» አሉ። የቃሉንም እርማት ጨመሩላት።

ቅዳሜ ስትመለስ መኪናው ዘግይቶባት ሐሙሲት አደረች። እሑድ በቀትር ደንገል በር ገባችና ወደ ቤቷ ሳትሄድ ወደ አቶ ሞላ ቤት አቀናች። አቶ ሞላ ሁለቱንም ወረቀት ቀስ ብለው አነበቡ። የበላይነህ ስም ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ መልሰው አጎነበሱ።

«በከንቱ ደከምሽ» አሉ። «ትናንት ሌላ ወረቀት መጣ። ስድስት የነበረው ዘጠኝ ተደርጓል። ሰባተኛውም፣ ስምንተኛውም፣ ዘጠነኛውም ይሄዳሉ። ማሩ አንደኛም ቢሆን ሰባተኛም ቢሆን ያው ነው።»

ደሳለች እጇን ዘረጋች።

«እንግዲያው ወረቀቱን ይመልሱልኝ።»

«ማኅተም አለበት።»

«አቶ ሞላ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ። ምንም አይሠራም እኮ። ይመልሱልኝ።»

«ማኅተም ያለበት ወረቀት ፋይል ነው የሚገባው» አሉና አጥፈው ከኮታቸው ውስጥ አስገቡት። በክፋት አልነበረም ያሉት። ወይም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ደሳለች አንድ ነገር ልትቃወም አፏን ከከፈተች አቶ ሞላ የኮታቸውን ደረት በእጃቸው መታ መታ ያደርጉታል። እሷም ትቀመጣለች።

ማሩ ቤት ጠብቋት ነበር። ልብሱን አጥቧል፣ ጠጉሩን ተላጭቷል።

«ምን አሉሽ፣ እታለም?»

«ቃሉን አረሙት።»

«የቱን ቃል?»

«መደብ ያልኩትን። ምድብ ነው አሉ።»

ማሩ ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ደህና ነው። ቢያንስ በስሕተት አልሄድም።»

ሰኞ ጠዋት ዘጠኙ በእግር ወደ ሐሙሲት ወጡ። እናቶችና እኅቶች እስከ መኪናው ሸኟቸው። ብዙነሽ በላይነህን በግራ፣ ማሩን በቀኝ ይዛ ነበር የምትሄደው። «ሁለታችሁ አትለያዩ» ትላቸው ነበር። ደሳለች ከኋላ ትከተላለች። ማሩ መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰጣት። የታንኳ እጅ ነው፤ መዳፉ እንደ ቆዳ ደርቋል። ልትነግረው ፈለገች። አልነገረችውም። መኪናው ሲነሣ ከአቧራው ገለል እንድትል ክንዷን የያዘቻት ብዙነሽ ነበረች።

ከማሩ ደብዳቤ አልመጣም። በገና የለም፣ በፋሲካም የለም። በሰኔ የበላይነህ ደብዳቤ መጣ፣ በሰው እጅ። ብዙነሽ ሳትከፍተው በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወደ ደሳለች አመጣችው። ደሳለች አነበበችላት። ደኅና ነኝ ይላል። ቦታውን መጻፍ አይፈቀድም ይላል። ማሩን ከሥልጠናው በኋላ ከሌላ ጦር ጋር ወስደውታል፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፣ እትዬ ደሳለችን ሰላም በሉልኝ ይላል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሰላምታ ነው።

ብዙነሽ ደብዳቤውን ተቀብላ መልሳ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው።

«በይ መልሱን ጻፊልኝ» አለች ብዙነሽ። ደሳለች ከስፌቱ መኪና ላይ ጨርቁን አነሣችና ወረቀት ዘረጋች። ብዙነሽ የከብቱን ወሬ አስጻፈች፤ የዝናቡን፣ የሞተውን ሰው፣ የወለደችውን ላም። ከዚያ ቆም አለች።

«አሁን ደግሞ እንዲህ በይ። ‹ልጄ ሆይ፣ እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ደሳለች ስለ እናንተ ብላ ደብረ ታቦር ድረስ ወጥታ ነበር።›»

«እሱን ተይው፣ ብዙነሽ።»

«ለምን እተወዋለሁ? እኔ እናቱ ከቤቴ አልወጣሁም። አንቺ ነሽ በብርድ በጠኔ የተንከራተትሽው። ይወቅ። ‹አልሆነላትም እንጂ ያላደረገችው የለም። ስትመለስ እንደ እኔ እንደ እናትህ አድርገህ እያት።› ጻፊ።»

ደሳለች ብዕሩን ይዛ ቆየች። ከውጭ ሰው እያለፈ ነበር፤ እስኪያልፍ የምትጠብቅ መሰለች። ካለፈም በኋላ ብዙነሽ እያየቻት ነበር።

ጻፈችው።

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«እስቲ አንብቢልኝ፣ እንዴት እንደሆነ ልስማው።»

ደሳለች ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችና ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችላት፤ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ የወለደችውን ላም። ደብረ ታቦር የሚለው ላይ ስትደርስም ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ አንድም ቃል ሳትዘል እንደተባለችው አነበበችው።